ነርሲንግ ስኩል ተቀበሉኝ፣ በዚያው ሳምንት ማርገዜን አወቅኩ፤ ልጀምር ወይስ ልተወው?

ሁለት_በእጅ_አንድ_በሆድ
ጁን 10

ሰላም እህቶችና ወንድሞች። አንብቤ ዝም ብዬ የምወጣ ሰው ነኝ፣ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ነው የምጽፈው።

ሜሪላንድ ነው የምንኖረው። አምስት ዓመት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መጦሪያ) ውስጥ ሲኤንኤ (ረዳት ነርስ) ሆኜ ሠርቻለሁ፣ አሁንም በሳምንት ሦስት ሌሊት እገባለሁ። አናቶሚውን፣ ማይክሮባዮሎጂውን፣ ስታቲስቲክሱን አንድ በአንድ እየወሰድኩ ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። ቲስን (የነርሲንግ መግቢያ ፈተናውን) ሁለቴ ተፈተንኩ። ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ከኮሚውኒቲ ኮሌጁ «ተቀብለንሻል» የሚል ኢሜይል መጣ። ደስታዬን ሳልጨርስ፣ በዚያው ሳምንት ሁለቱ መስመር ወጣ።

ልጆቼ አራትና ሁለት ዓመታቸው ነው። ትንሹ ገና ከዳይፐር አልወጣም። ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። አሁን 11 ሳምንቴ ነው፣ የመውለጃዬ ቀን ዲሴምበር 30። ትምህርቱ የሚጀመረው ኦገስት መጨረሻ ነው፣ ፈተናው ዲሴምበር አጋማሽ ላይ ያልቃል፣ ሁለተኛው ሴሚስተር ጃንዋሪ መጨረሻ ይከፈታል። በወረቀት ላይ ሲያዩት እግዜር ራሱ ካላንደር ይዞ ያቀደው ይመስላል። ግን ልጅ በካላንደር አይመጣም። ቢቀድምስ? በኦፕራሲዮን ብወልድስ? ለአማቴ ስነግራት «አንቺ ልጅ፣ ምን ጎደለሽ?» አለችኝ። መልስ አጣሁላት።

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ። «ትችያለሽ» ብቻ የምትሉኝ ግን ይቅርባችሁ፣ እሱን ከጓደኞቼ ጠግቤዋለሁ።

ቡና_ሁለተኛ
ጁን 10

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ በሁለቱም። እኔ ግን ልተወው ብትዪ አልፈርድብሽም። ልጅ አንዴ ነው ሕፃን የሚሆነው፣ ትምህርት የትም አይሄድም። ለአንድ ዓመት አቆዪውና አራስነትሽን ተኝተሽ ገንፎሽን ብዪ።

ናይት_ሽፍት
ጁን 10

@ቡና_ሁለተኛ ከክፋት እንዳልተናገርሽው አውቃለሁ፣ ግን «ትምህርት የትም አይሄድም» የሚለው ለነርሲንግ አይሠራም። ይሄዳል። ብዙ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክሬዲት አምስት ወይም ሰባት ዓመት ካለፈው አይቀበልም፣ ቲስም በብዙ ቦታ ከሁለት ዓመት በላይ አያገለግልም። የተሰጠሽን ቦታ «ያዙልኝ» ብትያቸው አንዳንዱ ይይዛል፣ አንዳንዱ «እንደገና አመልክቺ» ይልሻል። እንደገና ማመልከት ማለት ደግሞ ከዜሮ መወዳደር ነው። ስለዚህ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት አንድ ኢሜይል ጻፊ፦ «ቦታዬን ለአንድ ዓመት ማቆየት እችላለሁ ወይ?» በስልክ የሚነግሩሽን አትመኚው፣ በጽሑፍ ይመልሱልሽ። መልሱን ሳታይ እዚህ የምንሰጥሽ ምክር ሁሉ ወሬ ነው።

ለእኔ «አይቻልም» ብለውኝ ነው የገባሁት። የአምስት ወር እርጉዝ ነበርኩ።

አንድ_ነጥብ_የቀረኝ
ጁን 11

እኔ የወደቅሁት ነኝ፣ ስለዚህ የእኔንም ስሚ።

ሁለተኛ ልጄን አርግዤ ነው የገባሁት። ማስታወኩ ሦስት ወር ይቆማል ሲሉኝ አምስት ወር ቆየብኝ። ክሊኒካል (የተግባር ልምምዱ) ጠዋት 6:45 ነው፣ እኔ 6:15 መኪና ማቆሚያ ቦታ ላይ ፌስታል ይዤ ነበር። የትምህርት ቤታችን ማለፊያ 78 ነው፣ ደግሞ አያጠጋጉም። ፋርማኮሎጂ 77.4 አመጣሁ። አስተማሪዋ ራሷ እንባ ሞላባት፣ ግን ቁጥሩ ቁጥር ነው። በሚቀጥለው ዓመት ተመልሼ ገባሁ፣ አሁን አርኤን (ፈቃድ ያለኝ ነርስ) ነኝ፣ ቴሌሜትሪ (የልብ ምት የሚከታተሉበት ክፍል) ነው የምሠራው። ስለዚህ ታሪኩ በደህና አልቋል።

ማንም ያልነገረኝን ግን ልንገርሽ። ብዙ ፕሮግራም ሁለት ኮርስ ከወደቅሽ ያሰናብትሻል። እየወደቅሽ መሆኑን ካወቅሽ የመጨረሻው ዊዝድሮው (ኮርስ መተው የሚቻልበት) ቀን ሳያልፍ ውጪ፤ «ደብልዩ» ከ«ኤፍ» ይሻላል። ገንዘቡንም አስቢው። በፌዴራል እርዳታ የምትማሪ ከሆነ፣ ከሴሚስተሩ 60 በመቶው ሳይሞላ ሁሉንም ኮርስ ጥለሽ ከወጣሽ ከወሰድሽው ከፊሉን ይመልሱታል፣ ዕዳው ለኮሌጁ አንቺ ላይ ይቀራል። እኔ በሃምሳ በመቶው ልወጣ ነበር፣ የፋይናንሻል ኤይድ ሴትዮዋ ናት ቁጭ አድርጋ ያስቆመችኝ። ቆይቼ ወደቅሁ እንጂ። ከሁለቱ የትኛው ይሻል እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

አሮጊቷ_ነርስ
ጁን 12

ልጆች፣ ነርስ ከሆንኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፣ የተወሰነውን ጊዜ ተማሪ ይዤ ክሊኒካል አስተምሬያለሁ። እርጉዝ ተማሪ በየዓመቱ ነበረኝ። ሆዷ ትልቅ ስለሆነ የወደቀች አላየሁም። የወደቁት ቀናቸውን ያልቆጠሩት ናቸው። ስለዚህ እንቁጠር።

መጀመሪያ ክትባት። ከኦገስት በፊት ወረቀት ይጠይቁሻል፦ ኩፍኝ፣ ጆሮ ደግፍ፣ ሩቤላ፣ ጉድፍ። ክትባቱን የሚያሳይ ወረቀት ከሌለሽ፣ አገር ቤት ከተወለድነው ደግሞ ብዙዎቻችን የለንም፣ ደምሽ ውስጥ መከላከያው መኖሩን በምርመራ ያያሉ። «የለም» ከተባልሽ ኤምኤምአርም (የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላው ክትባት) ሆነ የጉድፉ ክትባት በእርግዝና አይሰጥም፣ ሕይወት ያለው ቫይረስ ነው። የማዋለጃ ሐኪምሽ ይህንኑ ጽፋ ትስጥሽ፣ ትምህርት ቤቱ እስክትወልጂ ያቆይልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ወልደሽ ከሆስፒታል ሳትወጪ ይወጉሻል፣ ማጥባትም አይከለክልም። የጉንፋኑና የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ችግር የለባቸውም።

ሁለተኛ ቲቢ። ክንድሽ ላይ የቢሲጂ (የቲቢ ክትባት) ጠባሳ ካለ በቆዳው ምርመራ ያብጥና «ፖዘቲቭ» ይሉሻል፣ ከዚያ ራጅ ይመጣል፣ እርጉዝ ሆነሽ በራጅ ጉዳይ መጨነቅ ይመጣል። ከመጀመሪያው የደም ምርመራው ይሠራልኝ በዪ። ቢሲጂ እሱን አያሳስተውም።

ሦስተኛ፣ ለክሊኒካል አስተማሪሽ በመጀመሪያው ቀን ንገሪ። ምሥጢር አድርገው ሆዳቸውን በጃኬት የሚሸፍኑ ነበሩኝ። ካልነገርሽኝ ጉድፍ ወይም አልማዝ ባለጭራ ያለበት በሽተኛ ልመድብሽ እችላለሁ። ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) የወሰደ ሰው ሽንቱም ሰገራውም እስከ 48 ሰዓት ድረስ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተንቀሳቃሽ ራጅ ሲመጣ ከክፍሉ ትወጫለሽ፣ አለቀ። ይህን ሁሉ ማስተካከል ለአስተማሪ አምስት ደቂቃ ነው፣ ካወቀች።

ጉራማይሌ
ጁን 12

እትዬ፣ እናመሰግናለን፣ የቢሲጂዋን ማን ነገረን! እኔን ሁለቴ ራጅ አንስተውኛል።

ሌላው ታይትል ናይን ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ የፌዴራል ሕግ ነው፣ ሰው ስለ ስፖርት ብቻ ይመስለዋል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ኮሌጅ እርጉዝ ናት ብሎ ከፕሮግራም ሊያስወጣሽ አይችልም። ሐኪምሽ ያስፈልጋታል ያለችውን ያህል ቀን መቅረትሽን ሊቀበል፣ ስትመለሺም የነበርሽበት ቦታ ሊመልስሽ ይገባል። ለዚህ ጉዳይ የተመደበ ሰው በየኮሌጁ አለ፣ ስሙና ኢሜይሉ ድረ ገጻቸው ላይ ነው። ችግር ሳይመጣ በሴፕቴምበር ጻፊለት።

አንድ ነገር ግን አትሳሳቺ፦ ሕጉ የክሊኒካሉን ሰዓት አይሰርዝልሽም። የቀረሽበትን ትሞያለሽ። እንዴት እንደምትሞዪ ነው አስቀድሞ መነጋገር ያለባችሁ።

ባል_ነኝ
ጁን 13

ወንድ ልግባ ካላችሁኝ። ባለቤቴ በሁለት ልጅ ነው የጨረሰችው፣ ሁለተኛዋ የተወለደችው ሦስተኛው ሴሚስተር ላይ ነው።

መጀመሪያ «አግዛታለሁ» ነበር የምለው። ዕቃ አጥባለሁ፣ ልጅ አጥባለሁ፣ ከዚያ «ሌላ ምን ላግዝሽ?» እላለሁ። አንድ ቀን «ምን ላግዝሽ ብለህ ስትጠይቀኝ አሁንም ማሰቡ የእኔ ሥራ ነው» አለችኝ። ከፋኝ። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። ከዚያ የልጁን የሐኪም ቀጠሮ፣ የዴይኬሩን ወረቀት፣ የጫማ ቁጥር፣ ሁሉንም ወደ እኔ ስልክ አዛወርነው። እሷ ስለነዚህ ነገሮች እንዳታውቅ ነው የተስማማነው። የምነዳበትን ሰዓትም ቀየርኩ፣ ከንጋቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ የኤርፖርቱን ሰው አደርስና እሷ ክላስ በሌላት ቀን አራት ሰዓት ላይ ቤት እገባለሁ።

ከትምህርቱ ይልቅ ያስቸገረን ሐበሻው ነው። በየቅዳሜው ልደት፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ ለቅሶ። ለሁለት ዓመት ከለቅሶ በቀር ሁሉንም አቆምን። የተቀየሙን አሉ። አንድ ቤተሰብ እስካሁን ሰላም አይሉንም። ለክርስትናቸው ያልሄድነው የልብና የደም ሥር ፈተና በሰኞው ስለነበረ ነው፣ ይህን ለማን ታስረዳለህ?

ቡና_ሁለተኛ
ጁን 13

@ባል_ነኝ ወንድሜ እንዲህ ያለ ባል የት ነው የሚሸጠው?

@ናይት_ሽፍት ስለ ክሬዲቱ አላውቅም ነበር፣ ልክ ነሽ። ግን ሦስት ልጅ ሲሆኑ እናት ትቅር የሚለው ስሜቴ አልተቀየረም። እኔም መብት አለኝ።

የፍራንክፈርቷ
ጁን 14

እዚህ ጀርመን እኔም የነርሲንግ አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩት የሙያ ሥልጠና) ላይ ሆኜ አርግዣለሁ። ሦስት ዓመት ነው፣ ደመወዝ እየተከፈለ ነው የሚማሩት። ማርገዜን እንደነገርኳቸው ከሌሊት ሽፍትና ከከባድ ሸክም አወጡኝ። ከወሊድ በፊት ስድስት ሳምንት፣ ከወሊድ በኋላ ስምንት ሳምንት በሕግ ነው፣ ከወሊድ በኋላ ያለውን ሥራ ልግባ ብትዪም አያስገቡሽም። እናንተ አሜሪካ ያላችሁ በአራተኛ ሳምንት ክላስ ስትሉ ወገቤን ያመኛል። ቋንቋውን ግን አታንሱብኝ፣ እኔ የፊንጢጣና የፊኛን ቃል በጀርመንኛ ስለይ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ከመርካቶ_ማዶ
ጁን 14

አዲስ አበባ ነኝ፣ የግል ኮሌጅ ነርሲንግ አራተኛ ዓመት። እኛ ጋ ተቀጣሪ ሴት 120 ቀን የወሊድ ፈቃድ በደመወዝ አላት፣ 30 ከመውለዷ በፊት 90 ከወለደች በኋላ። ተማሪ ግን ተቀጣሪ አይደለችም። የእኛ ክፍል ልጅ በወለደች በሦስተኛ ሳምንቷ ዋርድ ገብታለች፣ ሕፃኑን እናቷ በር ላይ ይዘውላት ተቀምጠው። የመውጫ ፈተናው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁሉም ነው፣ «ወልጃለሁ» ብለሽ ለአንቺ ሌላ ቀን አይቆረጥም። እናትሽን ጎን ማግኘት ግን ትልቅ ነገር ነው፣ እናንተ እሱ የላችሁም።

ሁለት_በእጅ_አንድ_በሆድ
ጁን 16

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። እያነበብኩ ማስታወሻ ስይዝ ባለቤቴ «ገና ሳይጀመር ማጥናት ጀመርሽ?» አለኝ። (የ@ባል_ነኝን ጽሑፍ ስልኩ ላይ ልኬለታለሁ፣ «አየሁት» ብቻ ብሏል።)

ለኮሌጁ ጻፍኩ። ቦታ አይያዝም፣ እንደገና ማመልከት ነው። ስለዚህ ልገባ ነው። አሁን የእናቴ ጉዳይ ነው። እናቴ አንዴ ቪዛ ተከልክላለች። አማቴ ግን ቪዛ አላት፣ «ጥሩኝ እንጂ» ትላለች። ትምህርቱ ሲጀመር ኦገስት ላይ እንድትመጣ አስበናል።

ናይት_ሽፍት
ጁን 16

ኦገስት አታምጫት!!! በጉብኝት ቪዛ ሲገቡ ብዙ ጊዜ የሚሰጣቸው ስድስት ወር ነው። ኦገስት ከገባች ፌብሩዋሪ ላይ ትወጣለች። ያን ጊዜ አንቺ የሁለት ወር ልጅ ይዘሽ፣ ሜድ ሰርጅ (የአዋቂ ሕሙማን እንክብካቤ ኮርስ) ላይ፣ የ12 ሰዓት ክሊኒካል ሊጀመርሽ ነው። ኖቬምበር ወደ 20 አካባቢ ትግባ። ፈተናሽን፣ ወሊድሽን፣ አራስነትሽን፣ ሙሉውን የስፕሪንግ ሴሚስተር እስከ ሜይ 20 ትሸፍንልሻለች። የመጀመሪያውን ሴሚስተር በዴይኬርና በባልሽ አልፈሽው። የመጀመሪያው ቀላሉ ነው፣ ክሊኒካሉም አብዛኛውን ጊዜ ነርሲንግ ሆም ነው፣ አንቺ ደግሞ አምስት ዓመት የኖርሽበት ቤት ነው። አልጋ ማንጠፍ ሊያስተምሩሽ ነው እኮ።

ጉራማይሌ
ጁን 16

ይቺን ለአማቶች ቅጠሩልን።

እስቲ ደግሞ ስለ ሥራሽ፦ ሦስት ሌሊት እየሠራሽ አትዘልቂውም። ቀጣሪሽ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው፣ ከጁን 2023 ጀምሮ የሚሠራ የፌዴራል ሕግ አለ፦ ለእርጉዝ ሠራተኛ የሚቻለውን ማስተካከያ ማድረግ አለበት። ከባድ ሰው ብቻሽን እንዳታነሺ፣ በሊፍት ማሽኑ እንድታነሺ፣ ቁጭ የምትይበት እረፍት እንዲሰጡሽ ጠይቂ። ኦገስት ላይ ደግሞ ወደ ፒአርኤን (ሲያስፈልግ ብቻ ወደሚገባበት) ቀይሪው፣ ባጅሽን አትመልሺ። ፋፍሳውን (የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻውን) አሁኑኑ ሙዪ፤ ፔል ግራንት (የማይመለስ እርዳታ ነው) በዓመት እስከ 7,395 ዶላር ይደርሳል፣ የእናንተ ገቢና የቤተሰብ ቁጥር ከሆነ ጥሩ ነገር ታገኚያለሽ።

ሁለት_በእጅ_አንድ_በሆድ
ኦክቶበር 9

ጠፋሁ አይደል? ትምህርቱ ሰባተኛ ሳምንት ላይ ነን። እርግዝናዬ 28 ሳምንቴ ነው። ሴት ናት።

ክትባቱ እትዬ እንዳሉት ሆነ። የኩፍኙ መከላከያ «የለም» አለ፣ የሐኪም ደብዳቤ አስገባሁ፣ አቆዩልኝ። የቲቢውን በደም አሠራሁ፣ ኔጌቲቭ።

የመድኃኒት ስሌት ፈተናው ማለፊያ 90 ነው፣ ሦስት ዕድል ይሰጣል። መጀመሪያ 85 አምጥቼ ወደቅሁ። ስሌቱ ጠፍቶኝ አይደለም። ሚሊግራሙን ወደ ማይክሮግራም ቀይሬ፣ ትክክለኛውን መልስ አግኝቼ፣ ወረቀቱ ላይ ሌላ ቁጥር ጻፍኩ። አእምሮዬ ወንፊት ሆኗል። ሁለተኛው ላይ 95።

አሁን የማጠናው እንዲህ ነው፦ ሌክቸሩን እቀዳዋለሁ፣ ልጆቹን ዴይኬር ሳደርስ መኪና ውስጥ እሰማዋለሁ። ትልቋ ልጄ ከኋላ ወንበር ሆና «ታኪካርዲያ» (የልብ ምት መፍጠን) ትላለች። ባለፈው ወንድሟ ሲሮጥ አይታ «ማሚ፣ ታኪካርዲያ ሆነ» አለችኝ። ማታ ሦስት ሰዓት አብሬያቸው እተኛና ከሌሊቱ ዘጠኝ እነሳለሁ። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ያለችው ሦስት ሰዓት ናት ትምህርቴ። የቀረው ሁሉ ጉርሻ ነው።

አንድ አስቂኝም አሳዛኝም ነገር ልንገራችሁ። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) የማስገባት የተግባር ፈተና ነበረን፣ በአሻንጉሊቱ ላይ። እሽጉን ከፈትኩ፣ ጓንቱን በሥርዓቱ አጠለቅኩ፣ እጄን ከወገቤ በላይ ይዣለሁ፣ ሁሉ ልክ ነው። ከዚያ ጥጡን ላነሳ ጎንበስ ስል ሆዴ ሄዶ ስቴራይል (ከጀርም የጸዳው) ጨርቁ ላይ ተቀመጠ። እኔ አላየሁትም፣ ከሆዴ በታች ያለ ነገር አይታየኝም። አስተማሪዋ ብቻ «ምን ሆነ?» አለች። እኔም «ምን ሆነ?» አልኳት። እስክሪብቶዋን ወደ ሆዴ ቀሰረች። ወደቅሁ። ለአንድ ሳምንት ነው የሳቅነው፣ መጀመሪያ ግን ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ።

አሮጊቷ_ነርስ
ኦክቶበር 9

አይዞሽ ልጄ፣ በዚህ የወደቅሽው የመጀመሪያዋ አይደለሽም። አልጋውን ከምትለምጂው ከፍ አድርጊው፣ ሌሎቹ ተማሪዎች ከሚያደርጉት በላይ። ጠረጴዛውን ከፊትሽ አታድርጊው፣ በቀኝ ጎንሽ አድርጊውና በጎን ቁሚ። ጨርቁ ዙሪያውን አንድ ኢንች ያህሉ እንደ ንጹሕ እንደማይቆጠር ታውቂያለሽ፣ አንቺ አራት ኢንች ነው በዪው። ከመጀመርሽ በፊት ደግሞ አፍ አውጥተሽ «ሆዴን ከፊልዱ አርቄያለሁ» በዪ። አስተማሪ የምታስቢውን ስትናገሪ ትወዳለች፣ እኔም እወድ ነበር።

ቡና_ሁለተኛ
ኦክቶበር 10

ታኪካርዲያዋን ለቤተሰቤ ሁሉ አወራሁላቸው። በርቺ።

ሁለት_በእጅ_አንድ_በሆድ
ጃንዋሪ 15

ካላንደሩን አምኜው ነበር። አማቴ ኖቬምበር 22 ገባች። በርበሬ፣ ሽሮ፣ የገብስ ዱቄት፣ ለአራስ የሚሆን ቅቤ፣ አንድ ሻንጣ ሙሉ። ዲሴምበር 11 ፈንዳሜንታልስ ተፈተንኩ፣ ዲሴምበር 12 አሴስመንት። ፋርማኮሎጂ 15 ላይ ነበር። ዲሴምበር 13 ሌሊት፣ የደም ግፊት መድኃኒቶች ካርዴን ማዕድ ቤት ወለል ላይ ዘርግቼ ስለያይ፣ እንሽርት ውኃዬ ፈሰሰ። ባለቤቴ የሰበሰበው መጀመሪያ ካርዶቹን ነው። «እንዳይርሱብሽ» አለኝ። ይህን ይቅር አልለውም ብዬ ነበር፣ አሁን ሳስበው ግን ልክ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ተገላገልኩ፣ በሰላም፣ በምጥ። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ማርያም ማረችኝ። የኩፍኝ ክትባቱንም ከመውጣቴ በፊት ወጉኝ።

ለታይትል ናይን ሰውዬ በሴፕቴምበር ጽፌለት ስለነበር ባለቤቴ ከሆስፒታሉ አንድ ኢሜይል ብቻ ነው የላከው። «ኢንኮምፕሊት» (ኮርሱ ገና አልተጠናቀቀም የሚል ውጤት) ተሰጠኝ፣ ፈተናው ለጃንዋሪ 12 ተቀጠረ።

አማቴ መቼም አራስ በአንድ ወሯ ልትወጣ ነው ሲሏት ሰማይ ተደፋባት። «ብርድ ይመታታል፣ ጀርባዋ ይከፈታል፣ ሰው ምን ይላል!» በዚያ ጠዋት ግን ስነሳ እሷ ቀድማኝ ተነስታለች። አጥሚቱን በፔርሙስ ሞልታዋለች። በነጠላዋ ወገቤን ጥፍር አድርጋ አሠረችኝ፣ ካፖርቱን አለበሰችኝ፣ ራሴን ሸፈነችኝ፣ አማትባ «በይ ሂጂ» አለች። ፈተናው ክፍል ውስጥ ከቁጥር ሃያ በኋላ ጡቴ መፍሰስ ጀመረ። ነጠላው ጠቀመኝ። 81 አመጣሁ።

@አንድ_ነጥብ_የቀረኝ፣ 78ን ስሻገር አንቺን ነው ያሰብኩት።

አንድ_ነጥብ_የቀረኝ
ጃንዋሪ 15

አስለቀስሽኝ። እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ በማርያም ጭን ያሳድጋት!!

ባል_ነኝ
ጃንዋሪ 15

ካርዱን መሰብሰቡ ልክ ነው። ባልሽን ሰላም በይልኝ።

ሁለት_በእጅ_አንድ_በሆድ
ፌብሩዋሪ 8

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ሜድ ሰርጅ ተጀምሯል፣ ሐኪሜ በስድስተኛው ሳምንት ለቃኛለች፣ ሐሙስ የመጀመሪያው 12 ሰዓት ክሊኒካል ነው። አስተማሪዬን አነጋግሬያለሁ፣ ለፓምፕ (ጡቴን ለማለብ) ሁለት ጊዜ ትለቀኛለች፣ ክፍሉ ግን ከእኛ ፎቅ ሁለት ፎቅ በታች ነው፣ መሄጃና መመለሻው ብቻ አሥር ደቂቃ ይበላል። ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባውን ያለ ገመድ ፓምፕ ገዛሁ። ትናንት ስክራቤን (የሆስፒታል ልብሴን) ከላዩ ለብሼ መስታወት ፊት ስቆም ግን ደረቴ ላይ ሁለት ጣሳ ያስቀመጥኩ ነው የምመስለው። በሽተኛ ፊት እንዴት ነው የምቆመው? የተጠቀመበት አለ? ድምፁስ ይሰማል?

(ክርስትናው ማርች 2 ላይ ነው የሚውለው፣ ሰማንያ ቀኗ ነው። ማርች 3 ሚድተርም አለ። እሱን ደግሞ አማቴና እኔ ገና አልተነጋገርንበትም።)

ናይት_ሽፍት
ፌብሩዋሪ 8

ድምፁ ሽንኩርት የምትፈጭ ትንሽ ማሽን ጎረቤት ቤት ያለች ነው የሚመስለው። ሆስፒታል ውስጥ የአይቪ ማሽኑ፣ ሞኒተሩ፣ ቲቪው እያለ ማንም አይሰማውም። በሽተኛ ክፍል ይዘሽው አትግቢ ግን፣ ቻርት ስትጽፊ ተጠቀሚበት። ስክራቡን አንድ ቁጥር ከፍ አድርገሽ ግዢ፣ ከላዩ የተማሪ ጃኬትሽን ልበሺ። ማቀዝቀዣ ቦርሳ ከበረዶው ጋር ያዢ፣ የሠራተኛ ፍሪጅ ውስጥ ስም ሳትጽፊበት እንዳታስቀምጪ፣ የእኔን አንዱ ለቡናው ሊጨምረው ነበር።

ላርጅ ያልለበስኩት ጃኬት አለኝ፣ ነጭ። ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከሆንሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ ረቡዕ ማታ ከሥራ በፊት አደርስልሻለሁ።